ከሽማግሌ ፊት ወደ ቃለ መሐላ፦ የጊዜያዊ አሳዳጊነት ችሎት ታሪክ

በሚኒያፖሊስና በሴንት ፖል የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ባልና ሚስት ሲፋቱ መጀመሪያ የሚጠብቃቸው ከባድ ውሳኔ የፍቺው ፍርድ አይደለም፤ ክርክሩ እስኪያልቅ ልጁ ከማን ጋር ይቆይ የሚለው ጊዜያዊ ትዕዛዝ ነው። ለዚህ ችሎት የሚዘጋጅ ወላጅ ከአገር ቤት ይዞት የመጣው የሙግት ልማድ ከየት እንደተነሣ ማወቅ ይጠቅመዋል።

የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ የፍቺን ክርክር የሰጠው ለቤተ ዘመድ ሽማግሌዎች ነበር። ሽማግሌዎቹም በመሠረቱ የጋብቻው እማኞች ነበሩ። ልጁን ማን እንዳጠበ፣ ማን ሐኪም ቤት እንደወሰደ ለእነርሱ በዝርዝር ማስረዳት እምብዛም አያስፈልግም፤ ቤቱን ያውቁታልና። (ያ ዕውቀት አድልዎንም ይዞ መምጣቱ አልቀረም።) አንቀጽ 681 ደግሞ ከባድ ምክንያት ከሌለ በቀር ልጅ እስከ 5 ዓመቱ ከእናቱ ዘንድ እንዲሆን ደነገገ። አዋጅ ቁጥር 213/1992 የፍቺን ሥልጣን ወደ ፍርድ ቤት መለሰ፤ በአንቀጽ 113ም የእናትን ቅድሚያ ትቶ የወላጆችን ገቢ፣ ዕድሜ፣ ጤንነትና የአኗኗር ሁኔታ ከልጁ ጥቅም ጋር እንዲመዘን አደረገ።

ሚኒሶታ በሌላ መንገድ መጣች። በሴንት ፖል የሚያስችለው የግዛቲቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1985 ለትንንሽ ልጆች ቅድሚያውን ለዋናው ተንከባካቢ ወላጅ ሰጠ። መለኪያዎቹም ምግብ ማዘጋጀት፣ ማጠብ፣ ማልበስ፣ ማሳከም፣ ሌሊት ተነሥቶ ማባበል የመሳሰሉት ነበሩ፤ የጓዳ ሥራ በዚህ መልክ የሕግ ሚዛን ላይ ወጣ። ሕግ አውጪው እ.ኤ.አ. በ1989 ይህን ቅድሚያ አስቀረው። እ.ኤ.አ. በ2015 የተሻሻለው ሕግ 12 መመዘኛዎችን ሲዘረዝር ግን እያንዳንዱ ወላጅ በእንክብካቤው የነበረውን ድርሻ ጠብቆ አቆይቷል፤ የልጁን ባህላዊና መንፈሳዊ ፍላጎትም ጨምሮ።

የአሠራሩ ልዩነት የሚጎላው በጊዜያዊው ችሎት ነው። በሚኒሶታ ሕግ ክፍል 518.131 መሠረት፣ ተከራካሪ በጊዜው ካልጠየቀ ወይም ዳኛው ካላዘዘ በቀር ምስክር ቆሞ አይሰማም፤ ትዕዛዙ የሚሰጠው በጽሑፍ በቀረበ ቃለ መሐላና በጠበቆች ክርክር ብቻ ነው። የሄነፒን ወይም የራምዚ ካውንቲ ዳኛ ቤቱን አያውቀውም። «ጨዋ ሰው ነው» የሚል የሽማግሌ ደብዳቤ ለእርሱ የሚነግረው ጥቂት ነው። ያው ሽማግሌ በየሳምንቱ ቅዳሜ ልጁን ወደ አማርኛ ትምህርት የሚያመጣው አባትየው መሆኑን በዓይኑ አይቶ በመሐላ ቢጽፍ ግን ማስረጃ ነው። የክትባት ካርድ፣ የሥራ ፈረቃ ሰሌዳ፣ ከመምህር ጋር የተደረጉ የመልእክት ልውውጦች የእማኙን ቦታ ይይዛሉ።

ያው ሕግ ጊዜያዊ ትዕዛዝ በኋላ የሚወሰነውን መብት እንደማይጎዳ ይናገራል። ከ12ቱ መመዘኛዎች አንዱ ግን የመኖሪያ፣ የትምህርት ቤትና የአካባቢ ለውጥ በልጁ ላይ የሚያሳድረው ተጽእኖ ነው። ክርክሩ ወራት ሲፈጅ ልጁ አዲስ ትምህርት ቤት ይገባል፣ ሰፈሩን ይለምዳል፣ ጓደኛ ያፈራል። በይሉኝታ «ለጊዜው ይሁን» ብሎ የፈረመ ወላጅ ወደ መጨረሻው ችሎት ሲመለስ፣ ለውጥ እንዲደረግ የሚጠይቀው እርሱ ሆኖ ይገኛል።