ከልደታ ሜዳ የተነሡ ተማሪዎች

በአዲስ አበባ ከልደታ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ወዲያ ያለው ሰፈር ዛሬም «ኦልድ ኤርፖርት» እየተባለ መጠራቱ ያለ ምክንያት አይደለም። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1938 ዓ.ም. የመጀመሪያውን በረራ ወደ ካይሮ ያደረገው ከልደታ ሜዳ ነበረ፤ የቦሌ ጣቢያ እስኪከፈትም ድረስ ለትምህርት ወደ ውጭ አገር የሚላከውን ወጣት ዘመዶቹ አልቅሰው የሚሸኙት በዚያው ነበረ። ቀደም ያሉት መንገደኞች በበቅሎና በጅቡቲ ባቡር ሲጓዙ አገራቸውን ጥቂት በጥቂት ይለቁ ነበር። ከልደታ የተነሣው ግን ከእናቱ እጅ በልቶ፣ በሁለት ሦስት ቀን ውስጥ ከባዕድ ማዕድ ይቀርባል።

ታላላቁን ልዩነት፣ ቋንቋውንና ብርዱን፣ ተማሪው አስቀድሞ ሰምቶታልና ብዙ አይደነግጥበትም። የሚያስቸግረው ጥቃቅኑ ነው። በአባቱ ስም «ሚስተር» ተብሎ ሲጠራ፣ አባቱ ከኋላው የቆሙ ይመስለዋል። የሰዓቱ አቈጣጠር በስድስት ይለያል፤ ይኸስ በቁጥር ይታረቃል። በቁጥር የማይታረቀው ዓይን ነው። በአገራችን በታላቅ ሰው ፊት ዓይንን ሰበር ማድረግ የመልካም አስተዳደግ ምልክት ሲሆን፣ በአውሮፓና በአሜሪካ መምህሩን ትክ ብሎ የማያይ ተማሪ አንዳች ነገር እንደ ደበቀ ይቈጠራል። የማዕዱም ነገር እንዲሁ ነው። ባልንጀራው አጠገቡ ተቀምጦ «እንብላ» ሳይለው ሲበላ ንፉግ ይመስለዋል፤ ያው ባልንጀራ እርሱ በታመመ ጊዜ ደግፎ ሐኪም ቤት ሲያደርሰው ደግሞ ይገረማል።

እኛ ግን ከመሄዱ ይልቅ መመለሱ ይከብድ ነበር እንላለን። በባዕድ አገር ለአንዲት ወረቀት ተራ ጠብቆ መቀበልን የለመደ ሰው፣ በልደታ ሲወርድ ደጅ ጥናትን እንደ አዲስ መማር ነበረበት። ገርማሜ ንዋይ በአሜሪካ በዊስኮንሲንና በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲዎች ተምሮ ተመለሰ። በወላይታ ገዥ ሆኖ ሳለ መሬት ለሌላቸው ገበሬዎች መሬት ሰጠ፤ ባለመሬቶች አቤት አሉበት፤ ወደ ጅጅጋ ተዛወረ። በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. ከወንድሙ ከጄኔራል መንግሥቱ ጋር የመራው የመንግሥት ግልበጣ ሙከራ ሕይወቱን አሳጣው። ሙከራውን የውጭ አገር ትምህርት ብቻ ወለደው ማለት ግን አያስኬድም፤ እንደ እርሱ ባሕር ተሻግረው የተማሩ ብዙዎች በየመሥሪያ ቤታቸው ጸጥ ብለው ይሠሩ ነበርና።

ከእነዚህ ጸጥተኞች ብዙው ሁለት ጠባይ ይዞ ኖረ። በመሥሪያ ቤቱ ሰዓት ያከብራል፤ በቤቱ እንግዳ ሲመጣበት ሰዓቱን ይረሳል። ሽማግሌ ሲገባ ከወንበሩ ብድግ ይላል፤ ዓይኑን ግን አይሰብርም።