ባቡርና ሲኒማ፦ በሐዲድ የመጣ ምትሃት

የኪነ ጥበብ ታሪክ ከማኅበራዊ ኑሮና ከምርት መሣሪያዎች ዕድገት ተነጥሎ ሊታይ አይችልም። ይህን እውነት ከሁሉ አጉልቶ የሚያሳየው ሲኒማ ነው። ቅኔ ያለ ብራና፣ ዜማም ያለ ክራር ሊኖር ይችላል፤ ሲኒማ ግን ያለ ሌንስ፣ ያለ ኬሚካል፣ ያለ ብርሃን ኃይልና ያለ መጓጓዣ ሕይወት የለውም። የአገራችንን የሲኒማ ታሪክ ከምድር ባቡር ታሪክ ጋር አያይዞ መመርመር የሚገባው ስለዚህ ነው።

የሉሚየር ወንድማማቾች በፓሪስ ከተማ ገንዘብ ከፍሎ ለገባ ተመልካች ተንቀሳቃሽ ሥዕል ያሳዩት እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 28 ቀን 1895 ነበር። ብዙም ሳይቆይ ካሳዩአቸው ሥዕሎች እጅግ የታወቀው፣ አንድ ደቂቃ እንኳ የማይሞላው፣ ባቡር ጣቢያ ሲደርስ የሚያሳየው ነው። ከጅቡቲ ወደ ኢትዮጵያ የሚዘረጋው የባቡር ሐዲድ ሥራ የተጀመረው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1897 ነው። በታሪክ ጸሐፊዎች እንደተመዘገበው፣ በማግስቱ ዓመት በ1898 የሲኒማ መሣሪያ ዳግማዊ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ደርሷል። እንግዲህ ባቡርና ሲኒማ በአንድ ዘመን መንታ ሆነው ወደ አገራችን መጡ ማለት ይቻላል።

ሐዲዱ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ደረሰ፤ በ1909 ዓ.ም. ደግሞ አዲስ አበባ ገባ። በዚህ መስመር ላይ፣ በስምጥ ሸለቆው ሜዳ፣ አዋሽ፣ መተሐራ፣ ወለንጪቲ፣ አዳማና ሞጆ የጣቢያ ከተሞች ሆኑ። በኦሮምኛ ከቁልቋል ስሙን ያገኘው አዳማ፣ በኋላም ናዝሬት ተብሎ የቆየውና እ.ኤ.አ. በ2000 የጥንት ስሙ በይፋ የተመለሰለት ከተማ፣ በጣቢያው ዙሪያ ያደገ ነው። የውጭው ዓለም ጨርቅ፣ ማሽንና ጋዜጣ በዚህ ሐዲድ ሲያልፍ፣ የከተማው ነዋሪ አዲሱን ዘመን በመጀመሪያ ያየው በጣቢያው በር ነበር።

በአዲስ አበባ የተከፈተውን የመጀመሪያ ሲኒማ ቤት ሕዝቡ «የሰይጣን ቤት» ብሎ ሰየመው። ይህን ስያሜ ከድንቁርና ብቻ የመነጨ አድርገው የሚያዩ አሉ። ነገሩ ግን ጠለቅ ብሎ ሊታይ ይገባዋል። በጨለማ ክፍል ውስጥ በአካል የሌለ ሰው ሸራ ላይ ሲስቅና ሲራመድ ያየ ተመልካች፣ የመሣሪያውን አሠራር የሚያስረዳው ሳይኖር፣ ምን ሌላ ስም ይስጠው? እያንዳንዱ ሥዕል የቆመ ነው። በሰከንድ 16 ያህል ሥዕሎች በብርሃን ፊት ተራ በተራ ሲያልፉ፣ የሰው ዓይንና አእምሮ እንቅስቃሴ አድርገው ያያይዟቸዋል። ይህን ያወቀ ሰው መደነቁን ባይተውም መፍራቱን ይተዋል።

በፓሪስም ቢሆን ሲኒማን ወደ ተረት ዓለም ያሻገረው ሰው፣ ዦርዥ ሜሊየስ፣ በሙያው ምትሃተኛ ነበር። ከ500 በላይ ፊልሞች ሠራ፤ እ.ኤ.አ. በ1902 ያወጣው «ጉዞ ወደ ጨረቃ» ዓለምን አስደነቀ። ይሁን እንጂ ትልልቆቹ ኩባንያዎች ገበያውን ሲጠቀልሉት ከሰረ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ከፊልሞቹ ከፊሉ ቀልጦ ለጫማ ተረከዝ ዋለ፤ እ.ኤ.አ. በ1923 የቀሩትን ዋና ቅጂዎች ራሱ አቃጠላቸው። ከዚያም በሞንፓርናስ ባቡር ጣቢያ አሻንጉሊት ሻጭ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ2011 ማርቲን ስኮርሴዚ ለቤተሰብ የሠራው «ሁጎ» የተሰኘው ፊልም፣ በጣቢያው ሰዓቶች መካከል የሚኖር ወላጅ አልባ ልጅ ይህን የተረሳ ሽማግሌ እንዴት እንዳገኘው የሚተርክ ነው። የልጁ ታሪክ ልብ ወለድ ቢሆንም፣ የሽማግሌው መረሳትና የፊልሞቹ መጥፋት እውነት ነው።

ከዚህ አኳያ የራሳችንን ሁኔታ ማጤን ያሻል። በ1957 ዓ.ም. «ሂሩት አባቷ ማነው» የተሰኘው ፊልም ሲሠራ፣ ተመልካች ብቻ ሆኖ የኖረው ሕዝብ የራሱን ቋንቋና ኑሮ በሸራ ላይ ማየት ጀመረ። በ1960ዎቹም ሚሼል ፓፓታኪስ የሠራው «ጉማ» ከኦሮሞ ሕዝብ የደም ማስታረቂያ ሥርዓት ስሙንና ፍሬ ነገሩን ወሰደ። ያን ጊዜ ምትሃቱ የእንግዳ መሆኑ ቀረ። ሰይጣኑ ከቤቱ የወጣው በስብከት ሳይሆን የፊልም ማንሻው በአገር ጉዳይ ላይ ሲዞር ነው።

ሆኖም መሥራት ብቻውን አይበቃም፤ የተሠራውን መጠበቅም ያስፈልጋል። ጥንታዊው ፊልም ሙቀትና እርጥበት ይበላዋል፤ ማስታወቂያ ወረቀቱ ይቀደዳል፤ መሣሪያውን ያንቀሳቀሰው ሠራተኛ ዕድሜውን ጨርሶ ያልፋል። የቀድሞው ባለ አንድ ሜትር ሐዲድ በአብዛኛው ሥራውን አቁሟል፤ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኤሌክትሪክ ባቡር ተተክቷል። አሮጌው ጣቢያ ዝም ሲል፣ ሐዲዱን ተከትለው ያደጉ ከተሞች ትዝታም አብሮ ዝም ሊል ይችላል።

በመሆኑም በአዳማና በስምጥ ሸለቆው ከተሞች ያሉ መምህራን፣ የባህል ሠራተኞችና ከያንያን አንድ ተጨባጭ ተግባር ይጠብቃቸዋል። ይኸውም በመጀመሪያ ፊልም ያዩ አዛውንትን፣ ፊልም ያጫወቱና በባቡር የሠሩ ሰዎችን ቃል በአማርኛም በኦሮምኛም መቅዳት፣ በየቤቱ የተረፈውን ፎቶግራፍ፣ ቲኬትና የፊልም ጥቅል መሰብሰብ ነው። ሜሊየስ ከመሞቱ በፊት የሚያስታውሱት ሰዎች ስለተገኙ፣ ከሥራዎቹ 200 ያህሉ ዛሬ ይታያሉ። ለእኛም ፈላጊው ከጊዜ ሊቀድም ይገባል።