አቤት ባይ ሙታን፦ «ካንቻና» እና የታሚል የመናፍስት ፊልም ታሪክ



ለዛሬው ንግግሬ የመረጥሁት ርእስ ለታሪክ ክፍል የማይመጥን ቀልድ ሊመስል ይችላል። እ.ኤ.አ. በጁላይ 2011 ለዕይታ የበቃው «ካንቻና» የተሰኘው የታሚል ፊልም፣ ከመሸ በኋላ እናቱ ካልተከተለችው ሽንት ቤት መሄድ ስለሚፈራ ጎልማሳ ይተርካል። አዘጋጁም ዋናው ተዋናይም ራጋቫ ሎረንስ ነው። ተመልካቹ በዚህ ፈሪ ሲስቅ ቆይቶ፣ ያው ሰው የሦስት ሙታን ማደሪያ ሲሆን ያያል። ሙታኑ የመጡት ሰው ለማስፈራራት ብቻ አይደለም፤ የተነጠቁት መሬት አለ። ታሪክ አጥኚን የሚመለከተው እዚህ ላይ ነው፤ በዳኛ ፊት ሳይሰማ የቀረ አቤቱታ ለምን በሳቅ ፊልም ውስጥ፣ ያውም በሙት አንደበት ይቀርባል?

ከቃሉ ልነሣ። ታሚሎች «ፔይ» የሚሉት ያለ ጊዜው የተቀጨ ሰው መንፈስ ነው፤ የተገደለ፣ ራሱን ያጠፋ፣ ምኞቱ ሳይሞላ የሄደ። ይህን «ጋኔን» ብለን ብንተረጉም እንሳሳታለን፤ ጋኔን ቀድሞ ሰው አልነበረምና። «ዛር» ብንልም አይገጥምም፤ ዛር ግብሩ እየተሰጠው ከባለቤቱ ጋር ተስማምቶ ዕድሜ ልክ ሊኖር ይችላል፣ ፔይ ግን በልማዱ የሚባረር እንግዳ ነው። ስለዚህ «የሙት መንፈስ» እያልሁ እቀጥላለሁ። ኢዛቤል ናቦኮቭ እ.ኤ.አ. በ2000 ስለ ታሚል ሥርዓተ አምልኮ ባሳተመችው ጥናት እንደምናነበው፣ በማስለቀቅ ሥርዓት ላይ መንፈሱ ማንነቱን እንዲናገር ይጠየቃል። ማን ነህ? እንዴት ሞትህ? ምን ትፈልጋለህ? ማስለቀቅ ከማባረር በፊት ምርመራ ነው ማለት ነው። የእነዚህን ፊልሞች አወቃቀር የምረዳው ከዚህ ተነሥቼ ነው። በሁለተኛው አጋማሽ ሁልጊዜ የሚመጣው የኋሊት ትረካ ከሥርዓቱ የተወሰደ የምስክርነት ቃል ይመስለኛል።

ከ«ካንቻና» ስድስት ዓመት በፊት መልሱ ሌላ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2005፣ በታሚሎች አዲስ ዓመት ዕለት፣ ፒ. ቫሱ ያዘጋጀው «ቻንድራሙኪ» ወጣ። በቼናይ ሻንቲ ቲያትር ከ800 ቀናት በላይ ታየ፤ ቲያትር ቤቱና ፊልሙ የአንድ ቤተሰብ ንብረት መሆናቸው ለዚህ ዕድሜ ሳያግዝ አልቀረም። በዚህ ፊልም አንዲት ባለትዳር የተዘጋ ክፍል ከፍታ በጥንት ንጉሥ የተቃጠለች የዳንሰኛ መንፈስ ያደረባት ትመስላለች። ራጂኒካንት የሚጫወተው የሥነ አእምሮ ሐኪም ግን ሕመም እንጂ መንፈስ የለም ይላል። የሚያስገርመው ሕክምናው ነው። ሐኪሙ አስለቃቂውን አይንቀውም፤ ከእርሱ ጋር ተባብሮ ታማሚዋ ንጉሡን የገደለች እንዲመስላት የሚያደርግ ትዕይንት ያዘጋጃል። ሳይንሱ ድል ቢያደርግም በሥርዓቱ መሣሪያ ነው ያሸነፈው። ሟቿ ዳንሰኛ ግን ከፍትሕ የደረሳት ነገር የለም፤ እንደ ሕመም ምልክት ተቆጥራ ተረሳች።

ስለዚሁ ታሪክ በጎን አንድ ነገር ልበል። የመጀመሪያው ቅጂ እ.ኤ.አ. በ1993 በኬረላ በማላያላም ቋንቋ የተሠራው «ማኒቺትራታዙ» ነው፤ በእርሱ ውስጥ መንፈሷ ታሚል ተናጋሪ ነበረች። ታሪኩ ወደ ታሚል ሲመጣ መንፈሷ ቴሉጉ ተናጋሪ ሆነች። ሁሉም ሙቱን ከጎረቤት ያመጣል! በ«ካንቻና»ም ከሦስቱ ሙታን አንዱ ሙስሊም ሲሆን ጀግናው ላይ ሲያድር የሚናገረው በሰሜን ሰዎች ቋንቋ ነው። እ.ኤ.አ. በ1965 ሂንዲን በመቃወም ብዙ ደም በፈሰሰበት አገር ለተቀመጠ ተመልካች፣ ከጀግናው አፍ ይህን ቋንቋ መስማት ከሳቅ ያለፈ ትርጉም ነበረው።

ሎረንስ ከዳንስ መድረክ የመጣ ሰው ነው፤ የፊልም ዳንስ አሠልጣኝ ነበር። ስለዚህ መንፈስ ሲያድርበት ከድምፅ ይልቅ በአካሉ ያሳያል፤ አረማመዱ፣ አንገቱ፣ ጣቶቹ ይለወጣሉ። እ.ኤ.አ. በ2007 በሠራው «ሙኒ» ያደረበት መንፈስ በፖለቲከኛ የተካደ የድሆች ሰፈር መሪ ነበር፤ ስሙ ሙኒያንዲ የመንደር ጠባቂ አምላክም ስም ነው። በ«ካንቻና» ደግሞ ጓደኛሞች ባዶ ሜዳ ላይ ክሪኬት ለመጫወት እንጨት ይተክላሉ፤ ከሥሩ የተቀበረ ሬሳ አለ። መንፈሱ በእነዚያ እንጨቶች ተከትሎ ቤት ይገባል። ከአስፈሪው ሙዚቃ ሁሉ ይልቅ እኔን የሚይዘኝ ይህ ነው፦ የጨዋታ ሜዳ የመሰለው ቦታ የወንጀል ስፍራ ነበር።

ካንቻና በወንድ አካል ተወልዳ እንደ ሴት የኖረች፣ ታሚሎች በአክብሮት «ቲሩናንጋይ» ከሚሏቸው አንዷ ናት። ከቤተሰቧ ተባርራ፣ እንደ እርሷ የተጣለች ልጅ አሳድጋ ሐኪም አድርጋለች። ለድሆች ሆስፒታል ልትሠራበት የገዛችውን መሬት አንድ የምክር ቤት አባል ይነጥቃታል፤ እርሷንም ወገኖቿንም ይገድላል። ይህ ከባዶ የመጣ ፈጠራ አይደለም። የታሚል ናዱ መንግሥት ለእነዚህ ሰዎች የደኅንነት ቦርድ ያቋቋመው እ.ኤ.አ. በ2008 ነው፤ የሕንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሦስተኛ ጾታ ብሎ ያወቃቸው በኤፕሪል 2014። ፊልሙ በእነዚህ በሁለቱ መካከል ቆሟል። ሕጉ መናገር በጀመረበትና ገና ተናግሮ ባልጨረሰበት ጊዜ ማለት ነው።

የካንቻናን ገጸ ባሕርይ በሕይወት ሳለች የተጫወታት ሳራትኩማር በጀግና ወንድ ሚናዎች የታወቀ ኮከብ ነው፤ በዚያው ዓመት፣ ፊልሙ ሊወጣ ጥቂት ወራት ሲቀሩት፣ ለታሚል ናዱ ምክር ቤት ተመርጦ ነበር። በምክር ቤት አባል የምትገደለውን የተጫወታት ሰው ራሱ የምክር ቤት አባል ነበር። ተመልካቹ ይህን ያውቅ ነበር።

ፊልሙን ግን ያለ ነቀፋ አላልፈውም። በመጀመሪያው አጋማሽ የምንስቀው ወንድ ሳሪ ለብሶ፣ ቢጫ እርድ ተቀብቶ ሲታይ ነው። ያው አካል በሁለተኛው አጋማሽ እንድናለቅስለት ይጠየቃል። አንዳንዶች ይህን ብልሃት ይሉታል፤ ሳቃችንን አስቀድሞ አውጥቶ በኋላ ያሳፍረናል ይላሉ። እኔ በዚህ በከፊል ብቻ እስማማለሁ። ከቲያትር ቤት የሚወጣው ሰው ይዞ የሚሄደው ኀፍረቱን ይሁን ቀልዱን ፊልሙ ሊወስን አይችልም፤ በየመንገዱ መሳለቂያ የምትሆነው ሴት ደግሞ የሚደርሳት ቀልዱ ሊሆን ይችላል።

ነቀፋዬን እንዳልገፋበት የሚከለክሉኝ ሁለት ትዕይንቶች አሉ። አንደኛው ከማስለቀቁ በኋላ ያለው ነው። መንፈሶቹ ከጀግናው ወጥተዋል፤ በልማዱ ታሪኩ እዚህ ያበቃል። እርሱ ግን ምስክርነቱን ሰምቶ በፈቃዱ አካሉን መልሶ ይሰጣቸዋል። መለከፍ ውክልና ሆነ! ሁለተኛው ገዳዩ ሸሽቶ ቤተ መቅደስ ሲገባ ነው። መንፈስ ከደጁ አያልፍም፤ ካንቻና ደጃፉ ላይ ቆማ አምላክን ትሞግታለች፤ ወንጀለኛው ውስጥ ሆኖ እኔ ለምን እከለከላለሁ ትላለች። ለታሚል ተመልካች የቤተ መቅደስ ደጃፍ ተራ ስፍራ አይደለም። እ.ኤ.አ. እስከ ጁላይ 1939 ድረስ «የማይነኩ» የተባሉት ወገኖች ወደ ማዱራይ ሚናክሺ ቤተ መቅደስ መግባት አይፈቀድላቸውም ነበር፤ በዚያ ወር ቫይድያናታ አየር እየመራ ያስገባቸው ዕለት እስከ ዛሬ ይታወሳል። በፊልሙም ደጁ ይከፈትላታል።

ሎረንስ እ.ኤ.አ. በ2020 ይኸንኑ ታሪክ በሂንዲ፣ አክሻይ ኩማርን ይዞ ደግሞ ሠርቶታል። ሊወጣ ቀናት ሲቀሩት በርእሱ ላይ ተቃውሞ ተነሣ፤ የሴት አምላክ ስም «ቦምብ» ከሚል ቃል ጋር መያያዙ ያስቆጣቸው ነበሩና «ላክሽሚ» ብቻ ተባለ። በወረርሽኙ ምክንያት ሰው በየቤቱ በስክሪን ነው ያየው፤ ከአንድ አዳራሽ የሚነሣው ሳቅና ከዚያ በኋላ የሚወርደው ዝምታ አልነበረም። ለንጽጽር እንዲመቸን ሁለቱን የቤተ መቅደስ ትዕይንቶች አዘጋጅቻለሁ፤ አስቀድመን የ2011ዱን እንመልከት፣ ከዚያ ጥያቄያችሁን እቀበላለሁ።