ባለጉዳዩም ተማሪውም ድርሻ አላቸው

ድሀን መርዳት ትምህርት ቤት ገብተው የሚማሩት ሙያ ነው ማለት በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ለብዙ አሜሪካዊ እንግዳ ነገር ነበር። በቦስተን፣ በኒው ዮርክና በባልቲሞር የነበሩት የበጎ አድራጎት ማኅበራት ወደ ችግረኛ ቤት የሚልኩት “ወዳጅ ጎብኚ” የሚሏቸውን ሰዎች ነበር። አብዛኞቹ ደመወዝ የማይቀበሉ፣ ከደህና ቤት የወጡ ሴቶች ናቸው። ሥራቸውም ገንዘብ ማደል ሳይሆን መምከር ነው፤ ስለ ቁጠባ፣ ስለ ንጽሕና፣ ከመጠጥ ስለ መራቅ። ጾሙን ያደረ ሰው ስለ ቁጠባ ሲሰበክ ምን እንደሚሰማው ለማወቅ ምንም ዓይነት ኮርስ መውሰድ አያስፈልግም።

ይህ ሥራ ማሠልጠኛ ያስፈልገዋል ብላ በ1897 (ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) የተከራከረችው ከእነዚሁ ማኅበራት የወጣችው ሜሪ ሪችመንድ ናት። በዓመቱ በኒው ዮርክ የስድስት ሳምንት የክረምት ኮርስ ተከፈተ፤ የዛሬው የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የሶሻል ወርክ ትምህርት ቤት ከዚያ ኮርስ የወጣ ነው። ሶሻል ወርክ የተባለው አዲሱ ሙያ ግን አንገቱን ቀና ሳያደርግ ተመታ። የአሜሪካን የሕክምና ትምህርት ቤቶች መርምሮ ብዙዎቹን ያሳፈረው አብርሃም ፍሌክስነር በ1915 ባልቲሞር ላይ ባደረገው ንግግር ሶሻል ወርክ ገና ሙያ አልሆነም ሲል ፈረደ። የራሱ የሆነ፣ ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፍ ዘዴ የለውም፤ ባለጉዳዩን ወደ ሐኪሙና ወደ ጠበቃው ከማገናኘት አያልፍም አለ።

ሪችመንድ በ1917 ባሳተመችው ዳጎስ ያለ መጽሐፍ ይህ ሙያ እንዴት ማስረጃ እንደሚሰበስብና ችግርን እንደሚመረምር ዘረዘረች። ቃላቱ ከሕክምና የተወሰዱ ነበሩ። ከዚያ በኋላ የፍሮይድ ትምህርት ተጨመረበትና ሶሻል ወርክ ሐኪም ሐኪም መሽተት ጀመረ። ባለሙያው መርማሪ፣ ባለጉዳዩ ተመርማሪ፣ መምህሩ አዋቂ፣ ተማሪው ጸሐፊ። ሙያ ለመባል የተከፈለው ዋጋ ይህ ነበር፤ ቀላል ዋጋም አልነበረም።

በዚህ መሀል ነው ቤርታ ኬፕን ሬይኖልድስ የምትመጣው። በ1885 ማሳቹሴትስ ውስጥ ተወለደች፤ አባቷ ገና ሕፃን ሳለች ስለ ሞተባት በእናቷና በዘመዶቿ እጅ አደገች። ከስሚዝ ኮሌጅ በ1908 እንደ ተመረቀች ወደ ደቡብ ወርዳ በአትላንታ ዩኒቨርሲቲ ጥቁር ተማሪዎችን አስተማረች። ደብልዩ ኢ ቢ ዱ ቦይስ ያስተምርበት የነበረ ግቢ ነው። በኋላ ስለ ፍትሕ የጻፈችውን የሚያነብ ሰው የዚያን ጊዜ ልምድ ዐሻራ አያጣበትም። ቀጥሎ በቦስተን ሶሻል ወርክ ተማረች።

በ1918 ስሚዝ ኮሌጅ በጦርነቱ አእምሯቸው የታወከ ወታደሮችን የሚረዱ ሶሻል ወርከሮችን በጥድፊያ ማሠልጠን ሲጀምር፣ ከመጀመሪያዎቹ ሠልጣኞች አንዷ ሬይኖልድስ ነበረች። ትምህርቱ የተዋቀረበት መንገድ ልብ ሊባል ይገባዋል። ክረምቱን ኖርዝሃምፕተን በሚገኘው ግቢ ይማራሉ፤ በብርዱ ወራት በየከተማው ወደሚገኙ ሆስፒታሎችና ድርጅቶች ተበትነው ይሠራሉ፤ ከዚያ ለክረምቱ ይመለሳሉ። ከሥራ የመጣ ተማሪ ባዶ እጁን አይመጣም። የገጠመውን፣ ያቃተውን፣ ያበላሸውን ይዞ ይመጣል። እንዲህ ያለ ክፍል ፊት ቆሞ ማስታወሻ ማጻፍ ለማንም አይመችም።

ሬይኖልድስ በ1925 የዚሁ ትምህርት ቤት ምክትል ዳይሬክተር ሆነችና 13 ዓመት ቆየች። ያን ጊዜ ያጠራቀመችው ልምድ በ1942 የሶሻል ወርክን መማርና ማስተማር በሚመለከተው መጽሐፏ ወጣ። መጽሐፉ በይበልጥ የሚታወቀው በአምስቱ የመማር ደረጃዎች ነው። የመጀመሪያው ደረጃ ጭንቅ ነው፤ ጀማሪው ስለ ባለጉዳዩ ሳይሆን ስለ ራሱ ያስባል፣ እጁን የት እንደሚያደርግ እንኳ ይጠፋዋል። በሁለተኛው እንደ ምንም ብሎ ይወጣዋል፤ ለምን እንደ ሆነለት ግን አያውቀውም። ሦስተኛው ከሁሉ የሚያሳዝነው ነው። ነገሩ ገብቶታል፣ እጁ ግን አልታዘዘውም፤ ማለት የነበረበት ነገር ትዝ የሚለው ባለጉዳዩ በሩን ዘግቶ ከሄደ በኋላ ነው። አራተኛው እውቀትና ሥራ የሚገጥሙበት፣ አምስተኛው ደግሞ ያወቁትን ለሌላ ማስተማር የሚቻልበት ነው።

ይህ ዝርዝር ሲያዩት ቀላል ይመስላል። ተማሪው ላይ የሚጣለውን ፍርድ ግን ይለውጠዋል። ሦስተኛው ደረጃ ላይ ያለ ተማሪ ሰነፍ አይደለም፤ ያለበትን ደረጃ ሳያውቅ የሚገሥጸው መምህር ግን ሥራውን አልሠራም። ሬይኖልድስ መምህሩ ተማሪው ካለበት ቦታ መነሣት አለበት ስትል፣ ኃላፊነቱን በሙሉ መምህሩ ይሸከም ማለቷም አልነበረም። ተማሪው የራሱን የኑሮ ልምድ ይዞ መግባትና ለመማሩ ራሱ መጠየቅ አለበት። ለባለጉዳዩም የምትለው ይህንኑ ነው፤ ስለ ራሱ ኑሮ የሚያውቀውን ያህል ማንም አያውቅለትም። ክፍል ውስጥ እንደ ዕቃ የተቆጠረ ተማሪ ነገ ቢሮ ሲቀመጥ ሰውን እንደ ዕቃ መቁጠሩ አይቀርም። የትምህርት ፍልስፍናዋና የሙያ ፍልስፍናዋ የተገናኙት እዚህ ላይ ነው፤ ከአምስቱ ደረጃዎች ይልቅ ትልቁ ሥራዋም ይህ ይመስላል።

የ1930ዎቹ የኢኮኖሚ ድቀት ነገሩን ከክፍል አስወጣው። በ1933 ከአሜሪካ ሠራተኛ አንድ አራተኛ ያህሉ ሥራ አልነበረውም። የእርዳታ ቢሮዎች ተጨናነቁ፤ ሶሻል ወርከሮችም ራሳቸው የሠራተኛ ማኅበር ማቋቋም ጀመሩ። ሬይኖልድስ በ1934 ባወጣችው ጥናት በባለጉዳዩና ደመወዝ በሚከፍለው ኅብረተሰብ መካከል የቆመ ሰው ተጠያቂነቱ ለማን ነው ብላ ጠየቀች። ማርክስን ማንበቧንም፣ ከሠራተኛ ማኅበራቱ ጎን መቆሟንም አልደበቀችም። ከትምህርት ቤቱ አመራር ጋር የነበራት ግንኙነት ሻከረ፤ በ1938 ቦታዋን ለቀቀች። የዘመኑ ታላቅ የሶሻል ወርክ መምህርት ከዚያ በኋላ በየትኛውም ትምህርት ቤት ቋሚ የማስተማር ቦታ አላገኘችም።

ሥራ የሰጣት የመርከበኞች ማኅበር ነው። ከ1943 እስከ 1947 በኒው ዮርክ፣ በብሔራዊ የባሕር ሠራተኞች ማኅበር የግል ጉዳይ አገልግሎት ክፍል ሠራች። ሥራ ስትጀምር የጀርመን ሰርጓጅ መርከቦች የንግድ መርከቦችን ያሰጥሙ ነበር። ወደዚያ ቢሮ የሚገባው መርከበኛ እንደ ለማኝ አይገባም፤ መዋጮ የከፈለበት የራሱ ማኅበር ነው። ሬይኖልድስ በ1951 በጻፈችው መጽሐፍ ከዚያ የተማረችውን ስታብራራ፣ ሰው ክብሩን ሳያጣ እርዳታ የሚቀበለው አባል ከሆነበት፣ ትናንት ከሰጠበት ወይም ነገ ከሚሰጥበት ቦታ ሲያገኘው ነው ትላለች። ይህን ለእድርተኛ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው።

ወደ እኛ አገር ስንመጣ፣ አዲስ አበባ ላይ ሶሻል ወርክ በኮሌጅ ደረጃ መሰጠት የጀመረው በ1959 ነው። በ1964 ደግሞ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎቹ ከመመረቃቸው በፊት አንድ ዓመት ወደ ክፍለ ሀገር ወጥተው እንዲያገለግሉ ደነገገ፤ ለብዙዎቹ የከተማ ልጆች ገጠሩን የማወቂያ የመጀመሪያ ዕድል ነበር። የሶሻል ወርኩ ትምህርት ቤት ከአብዮቱ በኋላ ተዘግቶ ለሦስት ዐሥርት ዓመታት ያህል ከቆየ በኋላ በ2004 በማስተርስ ደረጃ ተመለሰ። ሲመለስ ከቺካጎው የኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ጋር ተጣምሮ ገዳም ሰፈር ወደሚባለው የአዲስ አበባ መንደር ገባ፤ ሥራውንም ነዋሪው ምን ጎደለው ከማለት ይልቅ ነዋሪው ምን አለው ብሎ በመጠየቅ ጀመረ።

ሬይኖልድስ ራሷ በ1978 አረፈች። የአሜሪካ የሶሻል ወርከሮች ማኅበር በ1980ዎቹ የማስተማር መጽሐፏን እንደገና አሳተመው፤ በ1985፣ በተወለደች በመቶ ዓመቷ፣ በስሟ የሚጠራ የባለሙያዎች ማኅበር ተመሠረተ። በአገራችን ይህን ሙያ የምታስተምሩ፣ በተለይም ተማሪ ለመስክ ልምምድ የምትቀበሉ ሱፐርቫይዘሮች፣ መጽሐፉን ፈልጋችሁ አንብቡት፤ ስለ ሦስተኛው ደረጃ የሚያወሳውን ክፍል ደግሞ የተማሪዎቻችሁን ውጤት ከመሙላታችሁ በፊት አንብቡት።