ወደ ስሜን ተራሮች የሚወስደው መንገድ፦ ለመስከረም ጉዞ ለሚያቅዱ ቤተሰቦች

በቤር ሸባ ከምንኖረው የቤተ እስራኤል ቤተሰቦች መካከል ወላጆቻቸው ከስሜን፣ ከወገራና ከጎንደር ዙሪያ የመጡ ብዙዎች ናቸው። ልጆቻቸው አድገው መንጃ ፈቃድ ካወጡና ደመወዝ ማግኘት ከጀመሩ ወዲህ ደጋግመው የሚጠይቁን ጥያቄ አለ፦ በመስከረም መኪና ይዘን የአያቶቻችንን ተራራ ማየት ብንፈልግ ከየት እንጀምር? ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀነው ለእነርሱ ነው። ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አስቀድመን አንድ ነገር ግልጽ እናድርግ። በ2023 ክረምት በአማራ ክልል የተነሳው ጦርነት በዚያ አገር መንገድ መሄድን አስጊ አድርጎታል። ከዚያ በፊትም በ2021 የሰሜኑ ጦርነት እስከ ዳባት ወረዳ ደርሶ ብዙ ሰው አልቋል። ስለዚህ ሰላም መሆኑ ሳይረጋገጥ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ሂዱ አንልም። ዕቅዱን ግን አሁን መሥራት ይገባል እንላለን። መንገድ ቢዘጋ ቆይቶ ይከፈታል፤ የቦታዎቹን ስም የሚያውቁት ሽማግሌዎቻችን ግን በየዓመቱ እያለቁብን ነው።

ወሩ መስከረም እንዲሆን የምንመርጠው ያለ ምክንያት አይደለም። በስሜን ዝናቡ ከሰኔ ጀምሮ እስከ መስከረም አጋማሽ ይዘንባል፤ ጉሙም ገደሉን ይሸፍነዋል። ዝናቡ ካባራ በኋላ ግን ሜዳው በአበባ ይሞላል፣ የጂንባር ፏፏቴም ገና ውሃው አልጎደለም። ችግሩ ይህ ጊዜ የበዓላት ወቅት መሆኑ ነው፤ ብርሃን ሠረቀ፣ አስተስርዮና በዓለ መጸለት ተከታትለው ይመጣሉ። እኛ የምንመክረው አስተስርዮን ከቤተሰብ ጋር ጾሞ ከዚያ በኋላ መነሳት ነው። በስሜን ብርድ ዳስ ሠርቶ መቀመጥ እንደ ቤር ሸባ ቀላል አይሆንም። በሰንበት ስለማይነዳም ዓርብ ከቀትር በኋላ ደባርቅ ላይ መቆም ያስፈልጋል። ይህ ለጤናም ይረዳል። ቤር ሸባ ከባሕር ወለል በላይ 300 ሜትር እንኳ አትሞላም፤ ደባርቅ ግን ከ2800 ሜትር በላይ ናት። ሳያርፍ ወደ ላይ የወጣ ሰው ራሱን ያመዋል፣ ትንፋሽም ያጥረዋል።

ከጎንደር እስከ ደባርቅ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከከተማው እንደወጡ ብዙም ሳይርቁ ወለቃ ይገኛል፤ የቀጥቃጮቻችንና የሸክላ ሠሪዎቻችን መንደር የነበረ፣ ዛሬ ግን ባለቤቶቹ እዚህ ያሉ። ከዚያ አምባ ጊዮርጊስ፣ ዳባት፣ ደባርቅ እያለ ይቀጥላል። ከደባርቅ ወደ ሰሜን በወልቅፊት በኩል የሚወርደውን የሊማሊሞ ጠመዝማዛ መንገድ የሠሩት ጣሊያኖች ናቸው፤ የወልቅፊት ጦራቸውም በመስከረም 1941 እጁን የሰጠው በዚያው ነው። ወደ ፓርኩ የሚሄድ ግን ወደ ምሥራቅ ይታጠፋል። በደባርቅ ጽሕፈት ቤት ቲኬት ይቆረጣል፣ መሣሪያ የያዘ ጥበቃም አብሮ ይሄዳል። ከዚያ ሳንቃበር፣ ቀጥሎ ጭንቅ፣ በመጨረሻም የቧሒት በር ይደረሳል። የኮረኮንች መንገድ ስለሆነ ላንድ ክሩዘር ከነሾፌሩ መከራየት ይሻላል። በቤር ሸባ አስፋልት ላይ የለመደ ልጅ በዚያ ገደል ጥግ መሪ ባይይዝ እንመርጣለን።

ጎብኚ ወደ ስሜን የሚሄደው ለዋልያና ለጭላዳ ነው። የእኛ ልጆች ግን ከዚህ ሌላ ማወቅ ያለባቸው አለ። በ16ኛው መቶ ዘመን እነዚህ አምባዎች የቤተ እስራኤል መሪዎች ምሽግ ነበሩ። ንጉሥ ሠርፀ ድንግል በ1579 በራዳይ ላይ ዘመተ፤ ራዳይ እጁን ሲሰጥ ወንድሙ ካሌፍ ተዋጋ፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላም ጎሼንና ጌዴዎን ተነሱ። የዚህን ጦርነት ዜና መዋዕል የጻፈው የድል አድራጊው ንጉሥ ጸሐፊ ነው፤ ስለዚህ ለእኛ ሊያዳላ አይችልም። ሆኖም ሁለት ነገር መዝግቦልናል። አንደኛው፣ ራዳይ ተራሮቹን በእስራኤል ተራሮች ስም ይጠራቸው እንደነበር፤ አንዱን ሲና፣ ሌላውን ታቦር ይል ነበር። ሁለተኛው፣ ከማራኪዋ እጅ ጋር እጇ ታስሮ የምትወሰድ አንዲት ሴት ገደል አፋፍ ስትደርስ የአዶናይን ስም ጠርታ ራሷን እንደወረወረች፣ ማራኪዋንም ይዛው እንደወረደች ነው። ስሟን አልጻፈልንም። ይህን ዜና መዋዕል በ1907 በፓሪስ ያሳተመው ዮሴፍ ሃሌቪ ነው፤ እርሱም በ1867 በአሊያንስ ተልኮ ወደ አባቶቻችን የመጣው ሰው ነው። በ1620ዎቹ በንጉሥ ሱስንዮስ ዘመን ጌዴዎን ተገደለ፣ የስሜን ነጻነትም በዚያ አበቃ። ርስት የተነፈገው ወገናችን ወደ እደ ጥበብ የገባውም በብዛት በዚህ ሳቢያ ነው ብለን እናምናለን።

ጦርነቱ ቢያልቅም ተራራው ባዶ አልሆነም። መነኮሶቻችን በስሜን ምናጣ እስከ ቅርብ ዘመን ይጸልዩ ነበር፤ ዛሬ ተመራማሪዎች የሚለኩት ፍርስራሽ የአያቶቻችን ደጅ ነው። የአካባቢው ሰው በ1980ዎቹ በእግሩ ወደ ሱዳን ወረደ።

ስለ ፓርኩ ባጭሩ፦ በ1969 በአዋጅ ተከለለ፤ በ1978 ከላሊበላ ጋር ዩኔስኮ በመጀመሪያ ከመዘገባቸው 12 ቅርሶች አንዱ ሆነ፤ በ1996 አደጋ ላይ ካሉት ተቆጠረ፤ በ2017 ከዚያ መዝገብ ወጣ። ለዚህ ሲባል የግጭ መንደር ሰዎች ተነስተው ደባርቅ ሰፍረዋል፤ ከመሬት መነሳት ምን እንደሆነ እኛ ስለምናውቅ ይህን ዝም ብለን አናልፈውም። በ2019 ፓርኩ ሲቃጠል የእሳት አደጋ ሠራተኞች ከእስራኤል ተልከው ነበር።

ከጉዞው በፊት ልጆቻችሁን ወደ ስዴ ቦከር ውሰዱ፤ በቤን ጉሪዮን መቃብር ዙሪያ የሚዘለው የበረሃ ፍየል የዋልያ የሥጋ ዘመድ ነው። ከዚያ ካርታ ገዝታችሁ ከአያታችሁ ፊት ዘርጉ። የመንደሩን፣ የወንዙን፣ የመቃብሩን፣ በጉዞ ጊዜ ያደሩበትን ዋሻ ስም እንደሚሉት አድርጋችሁ በእርሳስ ጻፉበት። ሁለት ሽማግሌዎች ስለ አንድ ቦታ ካልተስማሙ ሁለቱንም ጻፉ፤ ግልባጩንም ወደ ማኅበሩ ላኩልን።