ስልክ በመኪና ውስጥ ማደሪያ ያገኘበት ታሪክ

ስልክና አውቶሞቢል ወደ ኢትዮጵያ የገቡት በአንድ ንጉሠ ነገሥት ዘመን ነው። ዳግማዊ ምኒልክ ስልክን በ1880ዎቹ ዓመታት አስገብተው አዲስ አበባን ከሐረር ጋር በ477 ኪሎ ሜትር ሽቦ አገናኙ፤ የመጀመሪያው አውቶሞቢል ደግሞ ቤንትሌይ በተባለ እንግሊዛዊ እየተነዳ በ1900 ዓ.ም. አዲስ አበባ ደረሰ። ይሁን እንጂ ሁለቱ መሣሪያዎች ከዚያ በኋላ ለዘጠና ዓመት ያህል እንደ ጎረቤት ኖሩ እንጂ በአንድ ጣራ ሥር አላደሩም። ስልኩ በሽቦ ታስሮ በመሥሪያ ቤትና በሳሎን ጠረጴዛ ላይ ተቀመጠ፤ መኪናው በጎዳናው ሄደ። መንገደኛ ሲነሣ ድምፁም አብሮት ይጠፋ ነበር፤ እስኪመለስ ድረስ የሚፈልገው ሁሉ መጠበቅ ነበረበት።

የሞባይል ስልክ አገልግሎት በአዲስ አበባ በ1991 ዓ.ም. ሲጀመር ይህ ልማድ አበቃ። ስልኩ በባለቤቱ ኪስ ተሸሽጎ መኪና ውስጥ ገባ። የገባበት ቤት ግን አልተዘጋጀለትም ነበር። ለመሪው፣ ለማርሹ፣ ለፍሬኑ፣ ለሲጋራ አመድ ማራገፊያ እንኳ ሳይቀር ሥፍራ ሲመደብ ለስልክ የተመደበ ሥፍራ አልነበረም። ስልኩ የት ይቀመጥ? በምንስ ኃይል ይሞላ? ጥያቄው ላይ ላዩን ሲያዩት ጥቃቅን የቤት ዕቃ ጉዳይ ይመስላል። ነገር ግን በዛሬዪቱ አዲስ አበባ የብዙ ነጂዎች እንጀራ፣ ከእነርሱም ጋር የተሳፋሪውና የእግረኛው ደኅንነት፣ በመልሱ ላይ የተንጠለጠለ ነው።

ይህን ታሪክ ለመከታተል ከአቃቂ ቃሊቲ የተሻለ ሥፍራ በከተማዪቱ አይገኝም። የጅቡቲው መንገድ ከባድ መኪናዎች የሚጎርፉት በዚሁ በኩል ነው፤ የአዲስ አበባ ነጂ ለብዙ ዓመታት መንጃ ፈቃድ ለማውጣት የወረደው ወደ ቃሊቲ ነው፤ በ2008 ዓ.ም. መጀመሪያ ሥራ የጀመረው የከተማ ባቡር ሰሜን ደቡብ መሥመርም የሚያበቃው እዚያው ነው። በላዩ ላይ ደግሞ ማረሚያ ቤቱ ነበረ። ከርቸሌ ተዘግቶ በሥፍራው የተሠራው የአፍሪካ ኅብረት ዋና ጽሕፈት ቤት በ2004 ዓ.ም. ከመመረቁ አስቀድሞ፣ የከተማው ጠያቂ ስንቁን ይዞ ወደ ደቡብ መውረድ ጀምሮ ነበር።

አቃቂ ለሩቅ ድምፅም ሆነ ለኤሌክትሪክ እንግዳ አይደለም። የኢጣልያ ኩባንያ አንሳልዶ የሠራው የአቃቂ ራዲዮ ጣቢያ በ1927 ዓ.ም. ተከፈተ፤ ጥቂት ወራት ቆይቶ ንጉሠ ነገሥቱ የኢጣልያን ወረራ ለዓለም ለመክሰስ የተጠቀሙበት ይኸው ጣቢያ መሆኑ ከታሪክ ምጸቶች አንዱ ነው። ከዚያው ብዙም ሳይርቅ በአቃቂ ወንዝ ላይ የቆመው የአባ ሳሙኤል ግድብ፣ 6.6 ሜጋ ዋት የሚያመነጭ የአገሪቱ የመጀመሪያ የውኃ ኃይል ጣቢያ፣ ከሰማንያ ዓመት በላይ ዕድሜ አለው፤ ለረጅም ጊዜ ተቋርጦ ከቆየ በኋላ በ2009 ዓ.ም. ታድሶ ሥራውን ቀጥሏል። ስለዚህ በዚህ አካባቢ የጎደለው ድምፅም መብራትም ሳይሆን፣ ሁለቱን በመኪና ውስጥ የሚያገናኝ አንድ አስተማማኝ ቀዳዳ ነበር።

በውጭው ዓለም የመኪና ስልክ ታሪክ የሚጀምረው ከዚህ ቀደም ብሎ ነው። በሰኔ 1938 ዓ.ም. በአሜሪካዪቱ ሴንት ሉዊስ ከተማ የቤል ኩባንያ ከመኪና ውስጥ የሚደወልበትን አገልግሎት ሲከፍት፣ መሣሪያው 36 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝን ነበር። ዋናው አካሉ በዕቃ መጫኛው ውስጥ ታስሮ፣ ኃይሉን ከመኪናው ባትሪ እየወሰደ፣ መነጋገሪያው ብቻ ከነጂው አጠገብ ይንጠለጠላል። ልብ ሊባል የሚገባው ነገር እዚህ ላይ ነው። ያ ግዙፍ ስልክ ምንም ቢከብድ ማደሪያ ነበረው፤ በብሎን የታሰረ፣ በሽቦ የተመገበ፣ የማይወድቅ፣ የማይሰረቅ ነበር። በመጋቢት 1965 ዓ.ም. የሞቶሮላው መሐንዲስ ማርቲን ኩፐር በኒው ዮርክ ጎዳና ላይ ቆሞ በእጅ በሚያዝ ስልክ ሲደውል፣ ስልኩ ነፃ ወጣ፤ በዚያውም ቤቱን አጣ። ያ የመጀመሪያ ስልክ ግማሽ ሰዓት ያህል ለመነጋገር አሥር ሰዓት ያህል መሞላት ይፈልግ ነበር ይባላል። ኃይል መሙላት የሞባይል ስልክ ሸክም የሆነው እንግዲህ ከተወለደበት ዕለት ጀምሮ ነው።

ይህ ቤት አልባ እንግዳ ወደ መኪና በተመለሰ ጊዜ ያገኘው ክፍት በር የሲጋራ መለኮሻውን ብቻ ነበር። የአሜሪካ መኪና ሠሪዎች በ1920ዎቹ እ.ኤ.አ. በነጂው ፊት፣ የእኛ መካኒኮች ክሩስኮት በሚሉት ክፍል ላይ (ቃሉ እንደ ፍሬንና እንደ ፍሪሲዮን ከጣልያንኛ የቀረ የጋራዥ ቅርስ ነው)፣ በኤሌክትሪክ የሚግል መለኮሻ ማኖር ጀመሩ። አሠራሩ ቀላል ነው። በቀዳዳው ወለል ላይ ያለው ነጥብ የባትሪው አዎንታዊ ጫፍ፣ ዙሪያው ግድግዳ ደግሞ አሉታዊው ነው፤ መለኮሻው ሲገፋ የተጠመጠመው ሽቦ ይግላል፣ በቂ ሙቀት ሲያገኝ የያዘው ምላስ ይለቀውና ተስፈንጥሮ ይወጣል። ሥራው ሁሉ በሰኮንዶች ያልቃል።

ችግሩም ከዚሁ የተወለደ ነው። ለሰኮንዶች ሥራ የተፈጠረ ቀዳዳ ለሰዓታት ሥራ ተመደበ። መለኮሻው ተስፈንጥሮ እንዲወጣ የታሰበ ስለነበር፣ ቀዳዳው የገባበትን ነገር አጥብቆ የሚይዝበት መቆለፊያ አልተሠራለትም። ስለሆነም ቻርጀሩ በጎኑ ባሉት ሁለት ቀጫጭን ምላሶች ተደግፎ ይቆማል፤ መኪናው ጉድጓድ ሲመታ ይላላል፣ ንክኪው ይቆራረጣል፣ በላላው ንክኪ ላይም ሙቀት ይፈጠራል። የስልክ መሙያ ቀለጠብኝ የሚል ነጂ ብዙውን ጊዜ የሚወቅሰው ስልኩን ነው፤ ጥፋቱ ግን በአመዛኙ የዚህ የላላ ንክኪና የርካሽ ቻርጀር ነው። በመሥመሩ ላይ ያለው ፊውዝ የተመደበው ለመለኮሻው ብርቱ ጉልበት በመሆኑ፣ ለቀጭኑ የስልክ ገመድ ጠባቂ አይሆንም፤ ገመዱ ሲቃጠል ፊውዙ ጤናማ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። ፊውዝ ሲቃጠል በሽቦ ቁራጭ ወይም በሲጋራ ብልጭልጭ ወረቀት መተካት ምን ያህል አደገኛ ልማድ እንደሆነ ለሙያው ባልደረቦች መንገር አያስፈልግም።

የኃይሉ መጠንም እንዲሁ መካከለኛ አስታራቂ ይሻል። የመኪና ባትሪ 12 ቮልት ይባል እንጂ ሞተሩ ሲሠራ ዲናሞው እስከ 14 ቮልት ከዚያም ጥቂት በላይ ያደርሰዋል፤ ሞተሩ በሚነሣበት ቅጽበት ደግሞ ከ10 ቮልት በታች ሊወርድ ይችላል። ስልኩ የለመደው 5 ቮልት ነው። በዚህ ውጣ ውረድ መካከል ቆሞ ለስልኩ የተስተካከለ ኃይል የሚያቀብለው በቻርጀሩ ሆድ ውስጥ ያለው መለወጫ ነው። በ1988 ዓ.ም. ለኮምፒዩተር የተሠራው ዩኤስቢ ሶኬት በኋላ በመኪና ውስጥ ሲገጠም፣ የመጀመሪያዎቹ የሚሰጡት 2.5 ዋት ብቻ ስለነበረ፣ መንገድ እያሳየ የሚሄድ ስልክ እየተሞላም ባትሪው ሲቀንስ ይታይ ነበር። የአውሮፓ ኅብረት ለስልኮች ሁሉ አንድ ዓይነት ሶኬት ያስገደደው ገና በ2017 ዓ.ም. ነው።

በነጂዎች ዘንድ አንድ ፍርሃት ይሰማል፤ ይኸውም ሞተር ጠፍቶ ስልክ መሙላት የመኪናውን ባትሪ ይጨርሳል የሚል ነው። ሂሳቡ ግን ይህን አይደግፍም። 45 አምፔር ሰዓት የሆነ የትንሽ መኪና ባትሪ 540 ዋት ሰዓት ያህል ይይዛል፤ የስልክ ባትሪ ደግሞ ወደ 15 ዋት ሰዓት። በመንገድ የሚባክነው ተጨምሮበት እንኳ አንድን ስልክ ከባዶ መሙላት ከሃያ አንድ እጅ አይሞላም። የሚፈራው ያረጀ ባትሪ ነው፤ እርሱ ደግሞ ስልክ ባይኖርም አንድ ቀን ጠዋት መክዳቱ አይቀርም።

እስከ 2006 ዓ.ም. ገደማ ድረስ ይህ ሁሉ የምቾት ጉዳይ ነበር ማለት ይቻላል። የሰማያዊና ነጭ ላዳ ነጂ ደንበኛውን የሚያገኘው በመንገድ ዳር ነው፤ ስልኩ ቢጠፋ ሥራው አይቆምም። የኮምፒዩተር ባለሙያዋ ሳምራዊት ፍቅሩ የመሠረቱት ራይድ፣ እርሱንም ተከትለው የመጡት ዛይራይድና ፈረስ፣ ይህን ሥርዓት ገለበጡት። ጥሪው የሚመጣው በስልክ ነው፤ መንገዱን የሚያሳየው ስልክ ነው፤ ሂሳቡን የሚቆጥረው ስልክ ነው። በሰኔ 2012 ዓ.ም. መጨረሻ በአገሪቱ ኢንተርኔት ተቋርጦ ለሦስት ሳምንት ያህል ሲቆይ፣ ባለ አራት አኃዙ የጥሪ ቁጥር ምን ያህል ዋጋ እንዳለው ታወቀ። በ2015 ዓ.ም. ደግሞ ነዳጅ በዲጂታል ክፍያ ብቻ እንዲገዛ ሲታዘዝ፣ ስልኩ ከደንበኛው አልፎ የማደያው ቁልፍ ሆነ። ስልኩ የሞተበት ነጂ ገንዘብ በኪሱ ይዞ ቤንዚን ማግኘት የሚቸገርበት ጊዜ መጣ።

ስለዚህ የቪትዝና የያሪስ ነጂ ስልኩን ዓይኑ በሚያርፍበት መስቀል ግድ ሆነበት፤ ነጂዎች ሆልደር የሚሉት መያዣም ገበያው ደራ። ሦስት ሥፍራዎች ተሞከሩ፣ ሦስቱም ዕዳ አለባቸው። በፊት መስተዋቱ ላይ በጎማ መምጠጫ የሚለጠፈው ለዓይን ይቀርባል፤ ነገር ግን ፀሐይ ሲመታው ይለቃል፣ የመንገዱንም ከፊል ይጋርዳል፣ በተጨናነቀ መንገድ ላይ መስኮት ለከፈተ ነጂም ለመንጣቂ ማሳያ ነው። በንፋስ መውጫው ወንፊት ላይ የሚሰካው ቀዝቃዛ አየር ቢያገኝም ወንፊቱ የስልኩን ክብደት ስለማይችል ይሰበራል። ሦስተኛው በሁለቱ የፊት ወንበሮች መካከል ያለው ሳጥን ነው። ከፀሐይና ከሌባ ዓይን የተሰወረ፣ ለኃይል ቀዳዳውም የቀረበ በመሆኑ ለስልኩ ከሁሉ የተሻለው ማደሪያ እርሱ ነው። የሊቲየም ባትሪ ከ45 ዲግሪ በላይ ሲግል መሞላት እንደማይገባው ለሚያውቅ ሰው ጥላ ትንሽ ነገር አይደለም።

ለነጂው ግን አደገኛው ይኸው ሳጥን ነው። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በሁለት ሰኮንድ 33 ሜትር ይጓዛል፤ ወደ ሳጥኑ አጎንብሶ አንድ መልእክት ለማየት ሁለት ሰኮንድ አይበቃም። በቃሊቲ ጎዳና ላይ 33 ሜትር ማለት ቆሎ የያዘች ሴትና ከትምህርት ቤት የሚመለሱ ልጆች የሚሻገሩበት ርቀት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እየነዳ በስልክ የሚጠቀም ሰው ለአደጋ የመጋለጡ ዕድል በአራት እጥፍ ገደማ እንደሚያድግ ይገምታል፤ በእጅ ባይያዝም ሐሳብን መከፋፈሉ አይቀርም ይላል። የትራፊክ መቆጣጠሪያ ደንብም እየነዱ በሞባይል ስልክ መነጋገርን ያስቀጣል። ደንቡ እጅን ይቆጣጠር ይሆናል፤ ዓይን የት እንዳለ ግን ትራፊክ ፖሊሱ ከመንገድ ዳር ሊያይ አይችልም። ስለዚህ ፍርዱ ይህ ነው፤ ሲነዱ ከፍ ብሎ በጠበቀ መያዣ፣ ሲቆሙ በሳጥኑ። አንድ ሥፍራ ለሁለቱም አይበቃም።

ሳጥኑ በእውነት የሚፈለግበት ቦታ ደግሞ የማረሚያ ቤቱ በር ነበር። በ2004 ዓ.ም. ጋዜጠኛ ርዕዮት ዓለሙን ለመጠየቅ ወደ ቃሊቲ የተመላለሱ ወጣት ጸሐፊዎች፣ ግቢው በስምንት ዞን መከፈሉን ሲሰሙ ከአጥሩ ውጭ ያለውን አገር «ዞን ዘጠኝ» ብለው ሰየሙት፤ ከመካከላቸው ስድስቱ በሚያዝያ 2006 ዓ.ም. ራሳቸው ታሰሩ። በዚያ አከፋፈል ስልክ የዞን ዘጠኝ ነዋሪ ብቻ ነበር። እንጀራው ተፈትሾ ይገባል፣ ልብሱ ተፈትሾ ይገባል፤ ስልክ ግን አይገባም። ጠያቂው ቤቱ ትቶት ይመጣል፣ ወይም በአደራ ለሰው ይሰጣል፣ መኪና ያለው ደግሞ በመኪናው ይተወዋል። በክሩስኮቱ ላይ የተተወ ስልክ ሁለት ጠላት አለው፤ አንዱ መስተዋት ሰባሪ ነው፣ ሌላው የቀትር ፀሐይ። ልምድ ያለው ጠያቂ ከመውረዱ በፊት መያዣውን ከመስተዋቱ ያነሣል፣ የጎማውን ክብ ምልክት በእጅጌው ይጠርጋል (ሌባ የሚያነበው ያንን ነውና)፣ ቻርጀሩን ይነቅላል፣ ስልኩን አጥፍቶ በሳጥኑ ውስጥ በጨርቅ ሸፍኖ ይዘጋዋል። ነጂ ቀጥሮ የመጣው ደግሞ ስልኩን ለነጂው ይሰጣል፤ ነጂውም ከራሱ ስልክ ጎን ያኖረዋል።

ከጥር 2016 ዓ.ም. ወዲህ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከልክሎ በኤሌክትሪክ የሚሠሩት እየበዙ ነው። በእነዚህ በአብዛኛዎቹ የሲጋራ መለኮሻው ራሱ ቀርቷል፤ በመካከለኛው ሳጥን ላይ ስልክ ያለ ገመድ የሚሞላበት ጠፍጣፋ ሥፍራ ተሠርቷል። ስልኩ ከሰማንያ ዓመት ገደማ በኋላ እንደ ሴንት ሉዊሱ ቅድመ አያቱ የራሱን ክፍል አገኘ ማለት ነው። በዚሁ ጎዳና የሚያልፉት ላዳዎችና አሮጌ ቪትዞች ግን ገና በዚያው በመለኮሻው ቀዳዳ ይሠራሉ፤ ቻርጀሩ እንዳይላላም ነጂው የተጣጠፈ ወረቀት በጎኑ ይወትፍበታል።