ቀላል ጀልባ ምን ያተርፋል? ምንስ ያስከፍላል? ከደምበል እስከ ካታማራን

ዛሬ ጽሑፉ ረዘም ይላል፤ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት።

ከተማሪዎቼ አንዱ፣ አሁን ውጭ አገር ባሕር ዳር የሚኖር፣ በቅርቡ ፎቶ ላከልኝ። ሁለት ቀጫጭን ጀልባዎች ጎን ለጎን በአግዳሚ ተያይዘው፣ መሐላቸው መረብ ተወጥሮ፣ ከላይ ረጅም ምሰሶና ሸራ። አንድ ሰው ብቻ ነው የሚይዛት። «ቲቸር፣ ይቺን ነገር ላንጋኖ ላይ ያስቧት! በእኛ አገር ግን ለምን እንዲህ ያለ ነገር አልተለመደም?» ይላል። በሁለት መስመር የሚመለስ መስሎኝ ጀመርኩት፤ ሳስበው ግን የታሪክ ጥያቄ ሆኖ አገኘሁት። እናንተም ስሙት ብዬ እዚህ አመጣሁት።

ከስሙ ልጀምር። ካታማራን የሚለው ቃል የመጣው ከደቡብ ሕንድ ከታሚል ቋንቋ ነው። «ካቱ» ማሰር፣ «ማራም» ደግሞ እንጨት ማለት ነው። በአጭሩ የታሰረ እንጨት። የታሚል ዓሣ አጥማጆች ግንዶችን ጎን ለጎን በገመድ አስረው ማዕበል ውስጥ ይገቡበት ነበር። ሁለት አካል ያላት ጀልባ ግን የእነሱ ሳትሆን የፓሲፊክ ደሴቶች ሰዎች ጥበብ ናት። እንግሊዞች ስሙን ከአንዱ ወስደው ለሌላው ሰጡት። እንዲህ ያለ የስም መዛወር በታሪክ ብዙ ነው፤ እኛ ጋ ግን ነገሩ ያስገርማል። ምክንያቱም በቃሉ የመጀመሪያ ትርጉም ከሄድን፣ ደምበል (ዝዋይ) ላይ ጠዋት ጠዋት አንድ ሰው ተቀምጦበት የሚያልፈው እስር እውነተኛው «ካታማራን» እሱ ነው!

የዘመናዊዋን ታሪክ ቶሎ ልለፈው። በ1876 (በፈረንጆቹ) ናትናኤል ሄረሾፍ የተባለ አሜሪካዊ «አማሪሊስ» የምትባል ባለ ሁለት አካል ጀልባ ሠርቶ ኒውዮርክ ውድድር ላይ አቀረበ። ትልልቆቹን ጀልባዎች ጥላቸው ሄደች። ተሸናፊዎቹ አቤቱታ አቀረቡ፤ ውጤቱም እንዲህ ያሉ ጀልባዎች ከመደበኛው ውድድር እንዲታገዱ ሆነ። ፈጣን ስለሆነች ተባረረች ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ሐሳቡ ለብዙ አሥርት ዓመታት ተኝቶ በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ ላይ ነቃ። በ1960ዎቹ (አሁንም በፈረንጆቹ) «ኤ ክላስ» የሚባለው ለአንድ ሰው የተሠራው የውድድር ካታማራን ደንብ ወጣለት። ርዝመቷ 5.49 ሜትር፣ ስፋቷ 2.30 ሜትር፣ ሸራዋ 13.94 ካሬ ሜትር፣ ክብደቷ ደግሞ ከ75 ኪሎ እንዳያንስ።

እዚህ ቁጥር ላይ ቆም በሉ። ሰባ አምስት ኪሎ! ጀልባዋ ከነጂዋ ጋር እኩል ትመዝናለች ማለት ነው፤ ወፈር ያለ ሰው ከሆነማ ይበልጣታል። ጥቅሟም ጣጣዋም የሚመነጨው ከዚህ ነው።

ጥቅሟን እናስቀድም። ሁለቱ ቀፎዎች ቀጫጭን ስለሆኑ ውሃውን እየሰነጠቁ ያልፋሉ። ተራራቀው ስለተቀመጡ ደግሞ ሚዛን ለመጠበቅ እንደ ሌሎቹ የሸራ ጀልባዎች ከታች ከባድ እርሳስ መሸከም አያስፈልጋትም። ጥሩ ነፋስ ካገኘች በሰዓት ከ35 ኪሎ ሜትር በላይ ትሄዳለች፤ ያለ አንዲት ጠብታ ነዳጅ። ሲያበቃ በትንሽ ጋሪ ላይ አድርጎ ብቻውን ወደ ዳር የሚጎትታት ያው አንዱ ሰው ነው። አጋር መፈለግ የለ፣ «አንተ ዛሬ ትመጣለህ?» ብሎ ስልክ መደወል የለ።

ጣጣዋ ደግሞ ይኸው። ክብደት ስለሌላት እልህ የላትም። ነፋሱ ፊት ለፊት ዞራ አቅጣጫ ልትቀይር ስትል መሐል ላይ ትቆማለች፤ ከባድ ጀልባ በራሷ ግፊት የምታልፈውን እሷ አታልፈውም። ነፋስ ሲበረታ አንደኛው ቀፎ ከውሃ ይነሣል፤ ነጂው በሽቦ ተንጠልጥሎ በገዛ አካሉ ክብደት ይመልሰዋል። ካልቻለ ትገለበጣለች። አፍንጫዋ ማዕበል ውስጥ ከተቀረቀረ ደግሞ በፊት በኩል ትወድቅና ነጂውን እንደ ወንጭፍ ትወረውረዋለች። ሙሉ በሙሉ ከተደፋች፣ ቀጥ ብላ ስትሄድ ያልነበራትን ርጋታ ያኔ ታገኛለች፤ አንድ ሰው ብቻውን ቀና ሊያደርጋት ይቸገራል። ስለዚህ በየውድድሩ የነፍስ አድን ሞተር ጀልባ አብሮ ይዞራል። ይህቺን ያዙልኝ፣ በኋላ እመለስባታለሁ።

አሁን ወደ ሰፈራችን። ደምበል ሐይቅ ስፋቱ 440 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ አማካይ ጥልቀቱ ግን ሁለት ሜትር ተኩል ገደማ ብቻ። የመቂና የቀታር ወንዞች ይገቡበታል፣ በቡልቡላ ይወጣል። መሐሉ ላይ አምስት ደሴቶች አሉ፤ ቱሉ ጉዶ፣ ጸደቻ፣ ፉንዱሮ፣ ደብረ ሲናና ገሊላ። የዘይ ሕዝብ አገር ነው። ቋንቋቸው ከስልጤና ከሐረሪ ጋር የሚዛመድ ሴማዊ ቋንቋ ነው። ዙሪያቸውን በኦሮምኛ ተናጋሪ ሕዝብ ተከበው ቋንቋቸውን ጠብቀው ኖረዋል። በአፈ ታሪካቸው በዮዲት ጉዲት ዘመን ታቦተ ጽዮን ከአክሱም ሸሽታ ቱሉ ጉዶ ላይ ተቀምጣ ነበር ይላሉ፤ የደሴቷ ሌላ ስም ደብረ ጽዮን የሆነውም ከዚህ ጋር ተያይዞ ነው። አፈ ታሪኩን እመኑ አትመኑ፣ የብራና መጻሕፍቱ ግን እዚያ ለዘመናት ተጠብቀው ቆይተዋል።

ለምን ተጠበቁ? ክፍል ውስጥ ይህን ስጠይቅ «በጸሎት» የሚል አይጠፋም ነበር። ይሁን። ነገር ግን ጀልባውንም አንርሳው። ጀልባው በማን እጅ ነው? ደሴቱ የእሱ ነው። በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የኢማም አሕመድ ጦር ወሎ ውስጥ ሐይቅ እስጢፋኖስ ሲደርስ፣ ያን ሁሉ አገር በእግርና በፈረስ ያቋረጠ ሠራዊት ትንሽ ውሃ ዳር ላይ ቆሞ እንጨት ማሰር ነበረበት፤ የጦርነቱ ታሪክ ጸሐፊ ዐረብ ፈቂህ ተርኮታል። ፈረሰኛ ውሃ ላይ ማንም አይደለም። አንድ ሰው ብቻውን ተሸክሞ ቁጥቋጦ ውስጥ የሚደብቃት ቀላል ጀልባ ለደሴት ሰው አጥር ነበረች።

የደምበል እስር የሚሠራው በሐይቁ ዳር ከሚበቅል ሸምበቆ መሰል ተክል ወይም ቡሽ ከሚመስል ቀላል ግንድ ነው። ጫፉ ሾጠጥ ብሎ ይታሰራል። ሰውየው ከላይ ይቀመጣል፣ ይቀዝፋል፣ መረቡን ይጥላል፣ ያነሣል። ጀልባ ስንል ውሃ የማይገባበት ገበታ ይመስለናል፤ እስሩ ግን ውሃ ይገባበታል፣ ይወጣበታል፣ ግን አይሰጥምም። የሚንሳፈፈው ተክሉ ራሱ ነዋ! ደቡብ ወረድ ብትሉ አባያ ላይም ከቀላል ግንድ የሚታሰር አለ፣ ያውም አዞ ባለበት ውሃ። ሰሜን ብትወጡ የጣና ታንኳ። ነገደ ወይጦ ከደንገል የሚሠሯትን ታንኳ በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የመጡት የፖርቱጋል ኢየሱሳውያን አይተው ጽፈዋታል፤ ከዘጌ ወደ ባሕር ዳር እንጨት ጭና ስትገባ በእኛም ዘመን አይተናል።

የእነዚህስ ዋጋ? ዕድሜያቸው ነው። ደንገል ውሃ ይጠጣል። ዳር ላይ ካልደረቀ ይከብዳል፣ ይበሰብሳል፤ ከጥቂት ወራት በላይ አይሄድም። የካርበን ፋይበር ካታማራን የገዛ ሰው ገንዘብ ይከፍላል፤ ታንኳ ሠሪ ደግሞ በዓመት ደጋግሞ ጉልበቱን ይከፍላል። ቅለት ነፃ ሆኖ አያውቅም።

ደንገላችን ሸራ ተሸክሞ ያውቃል ወይ ብትሉኝ፣ አዎ፣ ያውም አትላንቲክ ላይ! ኖርዌያዊው ቶር ሄየርዳል የጥንት ግብፆች በደንገል ጀልባ ውቅያኖስ መሻገር ይችሉ ነበር የሚለውን ሐሳቡን ሊፈትን ሲነሣ፣ ደንገሉን ያሳጨደው ከጣና ነው። «ራ» የተባለችውን ጀልባ የቻድ ሐይቅ ሰዎች አሰሩለት። ግንቦት 17 ቀን 1961 ዓ.ም. ከሞሮኮ ተነሣች፤ ሁለት ወር ሊሞላት ጥቂት ሲቀራት፣ ባርባዶስ ሳትደርስ፣ አንድ ጎኗ ውሃ ጠጥቶ ኋላዋም ዘምሞ ተተወች። በዓመቱ የቦሊቪያ አይማራዎች ያሰሯት «ራ ሁለት» ግንቦት 9 ቀን 1962 ዓ.ም. ተነሥታ ሐምሌ 5 ባርባዶስ ገባች። ሃምሳ ሰባት ቀን፣ ከ6,000 ኪሎ ሜትር በላይ። የእሷም ደንገል የኢትዮጵያ ነው። በሁለቱ መሐል ልዩነት የፈጠረው ተክሉ ሳይሆን አስተሳሰሩ ነበር።

ታዲያ ደንገሉ ይህን ከቻለ እኛ ሐይቆች ላይ ሸራ ለምን አልተለመደም? የእኔ ግምት ይኸውላችሁ። አንደኛው ጉዳይ ነፋሱ ነው። የስምጥ ሸለቆን ጠዋት የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ ሐይቁ እንደ መስተዋት ነው፣ ሸራ ብትሰቅሉም ተንጠልጥሎ ይቀራል። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ይነሣና እንኳን ሸራ ኮፍያም አያስይዝ። ዓሣ አጥማጁ ሥራውን የሚጨርሰው በመስተዋቱ ሰዓት ነው፤ ነፋሱ የሚመጣው እሱ ቤቱ ሲገባ ነው። ሁለተኛው፣ ረጅም ምሰሶ ለስላሳ እስር ላይ አጥብቆ መትከል ከባድ ነው። ሦስተኛው፣ ከታች ውሃውን የሚይዝ ስለት የሌለው ጠፍጣፋ ነገር ነፋስ ሲገፋው ወደ ጎን ይንሸራተታል እንጂ ወደ ፊት አይሄድም። ካታማራን በቀጫጭን ቀፎዎቿና ወደ ታች በሚገባው ሰሌዳዋ የፈታችው ይህንኑ ነው። ስለዚህ አባቶቻችን «አላወቁም» የሚለውን አልቀበልም። ጠዋት ወጥቶ ጠዋት ለሚመለስ ሰው ሸራ ትርፍ ሸክም ነው።

አሁን ያንን የነፍስ አድን ጀልባ ላንሣ። ካታማራን ነጂው ላይፍ ጃኬት ለብሶ፣ የአየር ትንበያ አይቶ፣ ሞተር ጀልባ እየጠበቀው ይወጣል። ደምበል ላይ በእስር የሚወጣው ልጅ ያንኑ ቅለትና ያንኑ ብቸኝነት ይዞ ይወጣል፤ ግን ጃኬት የለውም፣ የሚጠብቀው ሰው የለም፣ ብዙ ጊዜ ዋናም አይችልም። ጥልቀት የሌለው ሐይቅ ደግሞ ሞገዱ አጭርና ቀጥ ያለ ነው፤ ቶሎ ይነሣል፣ ቶሎ ይመታል። ጉማሬ አለ። አሁን እምቦጭ ተጨምሮበታል፤ አንድ ሰው በመቅዘፊያ ሰብሮት የሚወጣ አይደለም። ዱሮ ዓሣው ዳር ላይ ስለነበር ርቆ መሄድ አያስፈልግም ነበር ይላሉ ሽማግሌዎቹ። ዛሬ መሐል ድረስ ይገባሉ፤ መሐል የገባ ሰው ደግሞ ነፋሱ ሳይነሣ አይመለስም። ልጆቹ የሚሞቱት ጀልባው ስለቀለለ ብቻ አይመስለኝም። ቀላሏ ጀልባ ለጠዋትና ለዳር ነበር የተሠራችው፤ አሁን ለመሐልና ለከሰዓት ሆናለች።

ለተማሪዬ ጥያቄም መልስ አለኝ። ካታማራንህን ደምበል ላይ አታምጣ። ምሰሶዋ ዘጠኝ ሜትር ገደማ ነው፤ እዚያ ብትገለበጥ ጭቃው ላይ ተተክላ ትቀራለች። ቆቃም እምቦጩና ጉማሬው አያስመኝም። ላንጋኖ ግን ይሆናል። ጥልቀቱ ከ40 ሜትር በላይ ነው፣ የከሰዓት ነፋሱም አስተማማኝ ነው፤ የሸራ ጀልባም ለዳርቻው መዝናኛዎች እንግዳ አይደለም። እንደ እኔ እንደ እኔ፣ አዳማና ባቱ ላይ ስፖርት የሚወዱ ልጆች ሰብሰብ ብለው አንዲት ያገለገለች ካታማራን ቢያስመጡ ደስ ይለኛል። ግን ከሸራው በፊት ሞተር ጀልባዋንና ጃኬቶቹን ግዙ፤ እነሱ ከተገዙ ደግሞ የዓሣ አጥማጅ ማኅበራቱም ይጠቀሙባቸው።

አንድ የቤት ሥራ ልስጣችሁ፣ የለመድኩት ነገር ስለሆነ አትቀየሙኝ። ባቱ፣ መቂና አሰላ ያላችሁ የድሮ ተማሪዎቼ፣ ከዘይ ሽማግሌዎች አንዱን ፈልጉና እስሩን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሲያስር በስልካችሁ ቅረጹልኝ። የተክሉን ስም በዘይኛም በኦሮምኛም ጠይቁ፣ ገመዱ ከምን እንደሚፈተል፣ ስንት ቀን እንደሚደርቅ፣ መቼ ከውሃ እንደሚወጣ። ፋይበርግላስና የጣውላ ጀልባ እየበዛ ነው፤ ማሰር የሚያውቁት ሰዎችም አርጅተዋል። ቪዲዮውን በውስጥ መስመር ላኩልኝ፤ ስማችሁን ጠቅሼ እዚሁ ገጽ ላይ እለጥፈዋለሁ።